የሀዘን ገጻችንና የሌዊስቪሉ ሰውዬ

ሰውየውን ሳላየው ነው የጠላሁት። ቅዳሜ ጋዜጣዬን አድዬ ጨርሼ፣ ቤቴ ገብቼ ኮምፒውተር ስከፍት ያንኑ ጋዜጣ በሱ ድረ ገጽ ላይ አገኘው ነበር። አርእስቱ የኔ፣ ፎቶው የኔ፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም ተሳስቼ ያወጣሁት የምግብ ቤት ስልክ ቁጥር ሳይቀር ከነስህተቱ እዚያ ተቀምጧል። የሌለው የኔ ስም ብቻ ነው። ሰውየው ከዳላስ ወጣ ብላ ባለችው ሌዊስቪል ስለሚኖር እኔና ባለቤቴ «የሌዊስቪሉ» እንለው ነበር። ከዚህ የባሰም የምንለው ነበር፣ እሱ ይቅር።

ጋዜጣችን በዳላስና በፎርት ወርዝ ዙሪያ ለምንኖር ሐበሾች በየሳምንቱ የምትወጣ ስስ ነገር ነበረች። አዘጋጇም፣ ጸሐፊዋም፣ ማስታወቂያ ለማኟም፣ አዳይዋም እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ከኤርፖርት ሥራው ሲመለስ ፎቶ ያነሳልኛል። በነጻ ነበር የምትታደለው። ቅዳሜ በየሐበሻ ሱቁ መግቢያ፣ በየምግብ ቤቱ፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ ደጅ አስቀምጣለሁ። የማተሚያውን ዋጋ የሚሸፍኑልኝ ማስታወቂያ የሚያወጡት ናቸው፤ ታክስ የሚሠሩ፣ ቤት የሚያሻሽጡ፣ ገንዘብ የሚልኩ። ከዚያ ባንኮቹ መውደቅ ጀመሩ፤ ቤት አሻሻጮቹ ጠፉ፤ የቀሩት ደግሞ አንድ በአንድ ወደ ሌዊስቪሉ ሰውዬ ሄዱ። «እሱ ጋ እኮ ሰው ይበዛል፣ ርካሽም ነው» አለችኝ አንዷ ታክስ ሠሪ፣ ዓይኗን በጨው ታጥባ። ሰው የሚበዛው ምን ሊያነብ መጥቶ እንደሆነ አልጠየቀችም። የኔን ጽሑፍ ሊያነብ ነዋ። በጽሑፌ ግራና ቀኝ የኔው ደንበኞች ማስታወቂያ ተሰቅሎ ገንዘቡ ሌዊስቪል ይገባል። ሰውየው ካልከፈለኝ ጋዜጣዬ ዓመቱን እንደማትጨርስ አውቄዋለሁ።

ደወልኩለት። በልጅነቱ መጥቶ እዚሁ ያደገ፣ ትልቅ መሥሪያ ቤት በኮምፒውተር ሥራ የተቀጠረ ሰው ነው፤ ድረ ገጹ የትርፍ ጊዜ ሥራው ነበር። ረጋ ብሎ ሰማኝና ሳቀ።

«ሲስ፣ ማለቴ፣ አልሰረቅኩም እኮ። ሼር ነው ያደረግኩት። ቨርጂኒያ ያለ ሰው፣ ሲያትል ያለ ሰው ያንቺን ጋዜጣ የሚያነበው በኔ ነው። ሶ፣ ፕሮሞት እያደረግኩሽ ነው። ታንክ ዩ ማለት ያለብሽ አንቺ ነሽ።»

«ስሜን አውጥተህ ጥለህ ነው የምታስተዋውቀኝ?»

«ኦኬ፣ ስምሽን አድ አደርጋለሁ።»

«ስም አልጠየቅኩህም። ክፈለኝ ነው ያልኩህ።»

«ለምኑ? ኒውስ እኮ የማንም አይደለም። የሆነ ነገር ይሆናል፣ ሰው ይሰማል። ዛትስ ኢት።»

ደሜ ፈላ። የኤርፖርት ታክሲ ሾፌሮቹ ሲሰበሰቡ እስኪያልቅ ድረስ ግድግዳ ተደግፎ የቆመው ማን ነው አልኩት። አንተ ነህ? የተባረሩትን የመጋዘን ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞረ ያናገረው ማን ነው? አንተ ካልሲህን አውልቀህ ሶፋ ላይ ተጋድመህ አይደለም እንዴ የምትገለብጠው? ሲስ፣ ካልም ዳውን አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቃል የሚያናድደኝ የለም። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁት።

ከዚያ በኋላ ስሜን ከጽሑፎቹ ግርጌ በጉንዳን ፊደል መጻፍ ጀመረ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። በየሳምንቱ ጋዜጣዬ ላይ ርእሰ አንቀጽ ጻፍኩበት፤ ያንንም ገልብጦ አወጣው። አንባቢዎቹ ከሥሩ ተሳደቡ፣ ግማሾቹ እሱን፣ ግማሾቹ እኔን። «ምቀኛ ሴትዮ፣ ወረቀት ማን ያነባል» ያለኝ ሰው እንደነበረ አልረሳውም። በሱ ቤት እኔን የተሳደበው ሰው እንኳ የመጣው የኔን ጽሑፍ ሊያነብ ነው። ጠበቃ አማከርኩ፤ ትረቺዋለሽ፣ ግን ክሱ ጋዜጣሽን ሸጠሽም አይከፈልም አለኝ። የሐበሻ ሰው ፍርድ ቤት ሲያቅተው የሚሄድበት አንድ ቦታ አለ። ሽማግሌ ላክሁበት።

ሽማግሌው ሌክ ሃይላንድስ የሚኖሩ፣ የኛን ማኅበር ለብዙ ጊዜ የመሩ፣ ባልና ሚስት አስታርቀው የማይደክማቸው ሰው ነበሩ። እሑድ ከሰዓት ሁለታችንንም አፓርታማቸው ጠሩን። የሌዊስቪሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው። ቁመናው ያማረ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፤ ተነስቶ ሊስመኝ ሲል እጄን ሰጠሁት። መልኩ ቢያስጠላ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር።

«ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል» አሉት ሽማግሌው። «አንተ ልጅ፣ ይቺን ሴት ንቀሃታል።»

«ኖ፣ ኖ፣ ጋሼ። እርስዎ አንደርስታንድ አድርገኝ። እኔ ሪስፔክት አለኝ። ግን ኢንተርኔት እንደዚህ ነው የሚሠራው።»

«እኔ ስለ ኢንተርኔት አላውቅም። የሰው እህል ወስደህ ጠላ ጠምቀህ ስትሸጥ፣ ለባለ እህሉ ምን ትሰጠዋለህ ነው የምልህ።»

ሲከራከሩ ዋሉ። እኔ ስናገር ሽማግሌው እጃቸውን ያነሱብኝና «ቆይ አንቺ ደግሞ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይሉኛል፤ የሌዊስቪሉ ደግሞ ተረቱ ግማሽ ሳይገባው ይስቃል። በመጨረሻ እከፍላለሁ አለ። በየወሩ፣ የማተሚያ ሂሳቤን ግማሽ የሚያህል። ልቤ ዘለለ፤ ፊቴን ግን አኮሳተርኩት። ከዚያ የሱ ቅድመ ሁኔታ መጣ። እስከ ዛሬ የገለበጥኩት ቅዳሜ ጋዜጣው ከወጣ በኋላ ነው፣ ከከፈልኩማ ሐሙስ ለማተሚያ ቤት የምትልኪውን ፋይል ለኔም በዚያው ሰዓት ሴንድ አድርጊልኝ አለ። እሺ አልኩ። የሀዘን ገጹም ይጨመር አለ።

እዚህ ላይ እምቢ አልኩ።

የሀዘን ገጹ የጋዜጣዬ የመጨረሻው ገጽ ነው። ሰው ጋዜጣውን አንስቶ መጀመሪያ የሚገልጠው እሱን እንደሆነ የሌዊስቪሉም ያውቃል፤ ለዚያ ነው የፈለገው። ግን ያ ገጽ እንዴት እንደሚሠራ አያውቅም ነበር። አገር ቤት ሰው ሲሞት፣ ልጁ እዚህ ዳላስ ካለ፣ ወሬው ለልጁ አይነገርም። ለአክስት ወይም ለጓደኛ ይነገራል። እነሱ ሰው ያሰባስባሉ፤ ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ልጁ ሥራ የማይገባበት ቀን ይፈለጋል፤ ብዙ ጊዜ ቅዳሜ ይሆናል። ማለዳ ሳይነጋጋ በር ይንኳኳል፤ በሩን ሲከፍት የቆሙትን ሰዎች አይቶ ነገሩ ይገባዋል። የሚነግሩት ሰዎች በዚያው ይውላሉ፣ ያድራሉ። መርዶ የሚነገረው እንደዚህ ነው። እንግዲህ ቅዳሜ በሚወጣው ጋዜጣ ለቅሶው የት እንደሆነ ለሕዝቡ እንዲነገር፣ ዘመዶቹ ረቡዕ ፎቶውን ይዘው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ሟቹ እኔ ቤት ሞቶ ልጁ ቤት እስከ ቅዳሜ ይኖራል ማለት ነው። ማተሚያ ቤቱ ያለው ቴክሳሳዊ ፊደላችንን ለይቶ ስለማያነብ ምስጢሩ አይወጣም። ቅዳሜ ጠዋት ጋዜጣውን መኪናዬ ኋላ ጭኜ እጠብቃለሁ። ዘመዶቹ ደውለው «ተነግሯል» ካላሉኝ አንድ ቅጂ እንኳ አላወርድም። ሱቆቹ ይጠብቃሉ፤ እኔም ሱቅ ደጅ ፓርክ አድርጌ ስልኬን እያየሁ እቀመጣለሁ።

ይህን ሁሉ ለሌዊስቪሉ አስረዳሁት። ሽማግሌውም አገዙኝ። «መርዶ ነው እኮ ልጄ፣ ታውቀው የለ?» አሉት። «አዎ ጋሼ፣ አውቃለሁ» አለ። እናትና አባቱ እዚሁ አጠገቡ ናቸው፤ በሩን በማለዳ ያንኳኳበት ሰው የለም። ግን ቃል ገባ፤ እኔም እሺ አልኩ። የሀዘን ገጹ ከፋይሉ ጋር ይላክለታል፣ እኔ ቅዳሜ ደውዬ ተነግሯል ሳልለው አይለጥፍም። ሽማግሌው መረቁን። እጅ ለእጅ ተያያዝን። ወደ መኪናዬ ስሄድ አሸናፊ ነበርኩ፤ እንደዚያ ቀን ደረቴን ነፍቼ ሄጄ አላውቅም። የመጀመሪያው ቼክ ሲመጣ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ለባለቤቴ አሳየሁት። ዜና የማንም አይደለም ያለው ሰው ለዜና ከፈለ አልኩት። ለታክስ ሠሪዋም ደውዬ ነገርኳት፤ ሳትጠይቀኝ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሞተ ሰው ስላልነበረ የሀዘን ገጹ ባዶ ነበር፤ በምትኩ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ አወጣሁበት። ከዚያ አንድ ረቡዕ አንዲት ሴት ፎቶ ይዛ መጣች። ቤድፎርድ የምትኖረው የወንድሟ ልጅ፣ እናቷ ደሴ አርፈዋል። ልጅቷ በሎተሪ የመጣች፣ ኤርፖርት ውስጥ ምግብ መሸጫ የምትሠራ ናት፤ ዜግነት አግኝታ እናቷን ለማምጣት ጉዳዩን የምትጀምርበትን ቀን ስትቆጥር ነበር። «እስከ አርብ ሥራ ላይ ናት። ቅዳሜ ማለዳ ነው የምንነግራት» አለችኝ አክስቷ። ፎቶው ላይ እናትየው ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል፤ ፊታቸው ኮስተር ያለ ነው። ገጹን ራሴ ሠራሁት፤ የልጅቷን ስምና የለቅሶውን አድራሻ ከሥሩ ጻፍኩ። ሐሙስ ወደ ማተሚያ ቤትም ወደ ሌዊስቪልም ላክሁት። ለሌዊስቪሉ ከላዩ ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ቅዳሜ እስክደውል ጠብቅ ብዬ ጻፍኩለት።

አርብ ቀትር ላይ አክስቷ ደወለች። ስታለቅስ ነው የሰማኋት፤ መጀመሪያ የምትለው አልገባኝም። ልጅቷ ካሽ ሬጅስተር ላይ ቆማ ደንበኛ ስታስተናግድ ስልኳ ይጮሃል። ቨርጂኒያ ያለች የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ናት። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ታነሳዋለች። «እግዜር ያጽናሽ፣ አሁን ኢንተርኔት ላይ አየሁት፣ እኔ እኮ መታመማቸውንም አልሰማሁም» ትላታለች ጓደኛዋ። ልጅቷ «ማን?» ነው ያለችው። ጓደኛዋ ነገሩ ሲገባት ስልኩን ዘጋችባት። ልጅቷ ለደንበኛው መልሱን ሰጠችው፤ ቀጥሎ የተሰለፈውንም አስተናገደች፤ ከዚያ ማናጀሩ መጥቶ ምን ሆነሻል እስኪላት ድረስ እዚያው ቆማ ነበር አሉ።

ድረ ገጹን ከፈትኩት። እናትየው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በሁለት ማስታወቂያ መሃል። አንደኛው የታክስ ሠሪዋ ነው። ከፎቶው ሥር ነፍስ ይማር የሚሉ አስተያየቶች ተሰልፈዋል።

ለሌዊስቪሉ ደወልኩለት።

«ቅዳሜ አላልኩህም?»

«ብለሽኛል። ግን ሲስ፣ ማለቴ፣ ቢ ኦነስት። ያ ቅዳሜ ያልሽው ያንቺ ጋዜጣ ፈርስት እንዲሆን አይደል? ሁልጊዜ ስለሱ ነው የምታወሪው። እኔ ፔይ አድርጌ ለምን ላስት እሆናለሁ?»

ያን ሁሉ ተናግሬ፣ ሽማግሌው ተናግረው፣ እሱ የሰማው የነጋዴ ብልጠት ብቻ ነው። መርዶው ሰበብ መስሎታል። የምችለውን ስድብ ሁሉ ሰደብኩት፤ የማልችለውንም ጨመርኩበት። ውላችን አልቋል አልኩት። «ኦኬ። የዚህን ወር ሪፈንድ አድርጊኝ እንግዲህ» አለኝ። ገጹን ግን አወረደው። ልጅቷ አንዴ ካወቀች በኋላ።

ቅዳሜ ጋዜጣውን አላደልኩም። መኪናዬ ኋላ እንደተጫነ ቤድፎርድ ሄድኩ። የልጅቷ አፓርታማ ሰው ሞልቶት ነበር፤ ወንዶቹ ከማኅበሩ በመጣ ታጣፊ ወንበር፣ ሴቶቹ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ። ልጅቷ ከግድግዳው ጥግ ተቀምጣለች፤ የሥራ ጫማዋን አላወለቀችም። አክስቷ ጠጋ ብላ በጆሮዬ «ከትናንት ጀምሮ እንባ ጠብ አላላትም፣ ፈርተንላታል» አለችኝ። ሲያዩኝ አንዳንዶቹ ቦታ ለቀቁልኝ። የተቆጡት በሌዊስቪሉ ነበር፤ እኔም ከነሱ ጋር አብሬ እቆጣ ነበር፤ እንዲያውም ከሁሉም ድምፄ ይበልጥ ነበር መሰለኝ። እንዲህ ያለ ባለጌ፣ እንዲህ ያለ ወግ የማያውቅ እያልን ሳለ በሩ ተከፈተ፤ ሽማግሌው የሌዊስቪሉን ይዘውት ገቡ።

የሌዊስቪሉ ጥቁር ለብሷል። ልጅቷ ፊት ቆሞ ጎንበስ አለና «በጣም ሶሪ፣ እግዜር ያጽናሽ» አላት። ቀና ብላም አላየችው። ከወንዶቹ አንዱ፣ የአጎቷ ልጅ፣ ተነሳ።

«የሰው ሬሳ ሰርቀህ ነው የምትነግድ?»

«አልሰረቅኩም» አለ የሌዊስቪሉ። ድምፁ ተለወጠ። «ማለቴ፣ አጥፍቻለሁ፣ ግን አልሰረቅኩም። ከሷ ነው የገዛሁት። በየወሩ ፔይ አደርጋለሁ። ጋሼ ይመስክሩ።» በጣቱ ያሳየው እኔን ነበር።

በሰው ፊት እንዲህ እንዲል ስንት ጊዜ ተመኝቼ ነበር። በርእሰ አንቀጽ የጮህኩት፣ ሽማግሌ የላክሁት ይህን ቃል ለማስባል ነው። የተናገረው ግን እዚያ ለቅሶ ቤት ነው።

ልጅቷ ቀና አለች። «ምኑን ነው ገዛሁ የሚለው?» አለች አክስቷን። አክስቷ ወደኔ ዞረች። ሽማግሌውም መሬት መሬት ያያሉ።

«ጋዜጣውን» አልኳት እኔ።

«እናቴ ያለችበትን?»

«አዎ።»

«ሸጥሽለት?»

ስለ ሽምግልናው፣ ስለ ሐሙስ፣ ስለ ቅዳሜ፣ ስለ ገባው ቃል ማስረዳት ጀመርኩ። እጄንም ሳላወናጭፍ አልቀረሁም። ከላዩ ላይ ጽፌበታለሁ፣ ይኸው ሽማግሌው አሉ፣ እሱ ነው የካደኝ፣ ገንዘቡንም እመልስለታለሁ። ተናግሬ እስክጨርስ ዓይኔን ዓይኔን አየችኝ።

«እናንተ ዜናው የኔ ነው፣ የለም የኔ ነው ስትባባሉ በሽማግሌ ተዳኛችሁ» አለች ቀስ ብላ። «እኔን የጠራኝ የለም። የኔ አልነበረም እንዴ?»

የሌዊስቪሉ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ ሽማግሌው ክንዱን ያዙት።

«እስካሁን በአፉ የነገረኝ ሰው የለም» አለች። «ጓደኛዬ ስልኩን ዘጋችብኝ። ቤት ስመጣ ሁሉም አውቃለች ብሎ ዝም አለ። ማንም እንደ ወጉ አልነገረኝም። አንቺ ከረቡዕ ጀምሮ ታውቂ ነበር አይደል? በይ ንገሪኝ።»

ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። እንዲህ ያለው የሳቸው ሥራ ነው፤ እኔ እንዴት እንደሚባል እንኳ አላውቅም። በዚያ ገጽ ላይ ያወጣሁትን ሙት ሁሉ የነገርኩት ለወረቀት ነው፤ በር አንኳኩቼ አላውቅም። ሽማግሌው በአገጫቸው ወደሷ አመለከቱኝ። ፍራሹ ላይ ሄጄ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በቅርብ አየኋት፤ የእናትየው ኮስታራ ፊት ነው ያላት።

«እናትሽ አርፈዋል» አልኳት።

«መቼ?»

«ማክሰኞ። ደሴ፣ ቤታቸው ውስጥ። ሰው አጠገባቸው ነበር።»

ያኔ ጮኸች። ሴቶቹ ሁሉ ተነሱ፤ አክስቷ ከኋላዋ አቀፈቻት፤ እኔም እጇን ይዣት ነበር፣ አልነጠቀችኝም። የሌዊስቪሉ በር ላይ ቆሞ ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ያን ሁሉ ዘመን ዜና ስጽፍ ኖሬ ግን፣ ለባለቤቱ ፊት ለፊት የነገርኩት ያንን አንዱን ብቻ ነው።